ገጽ አርባ አንድ

ሐምሌ 27

ፌንጣዬ፣

ሰላምታዬን ግማሹን ብቻ ነው የምልክልሽ፤ ሌላውን ግማሽ ተቆጥቼ ይዤዋለሁ። አዎ፣ ደርሶኛል። አባትሽ አውቶቡሱን መናኸሪያ አቁሞ፣ ያንን ወፍራም ፖስታ እንደ ትኩስ ድስት በሁለት እጁ ይዞ ሱቃችን ድረስ አመጣልኝ። "ልጄ ምን ብትጽፍልሽ ነው እንዲህ የከበደው?" አለኝ። "ፊልም ነው አባባ" አልኩት። "ፊልም እዚህ ውስጥ ይገባል?" ብሎ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀው።

"ራስሽን አገኘሽው ወይ?" ላልሽው፣ አግኝቻለሁ፤ ለዚያውም ገና ገጽ ሦስት ላይ። "ሞላ ያለች፣ ሳቂታ፣ ልብስ ሰፊ።" ሞላ ያለች! ድንቡሼ ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ አንሶ አሁን ደግሞ በፊልም ለሕዝብ ልታስነግሪ ነው? ከከተማዋ የምትሄደዋን ልጅ ግን፣ ያው አንቺን፣ "ሸንቀጥ ያለች፣ ዓይኗ የሚያበራ" አልሻት። ያብራልሽ! እግርሽ ረጅም ስለሆነና አንድ ቦታ አልቀመጥ ስላልሽ ፌንጣ እንልሽ እንደነበር ለምን አልጻፍሽም?

ደግሞ መናኸሪያ ላይ አላለቀስኩም። አንቺ ስትሄጂ ኦቾሎኒ እየበላሁ ነበር። አንዷ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ ነው ዓይኔ እንባ ያቀረረው። አስተካክይው።

ከዚያ በላይ አላነበብኩም፣ ይቅርታሽን። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ የከተማው ልጅ ሁሉ ዩኒፎርም የሚሰፋው እኛ ጋ ነው። ሱቁ ውስጥ ከሰማያዊ ጨርቅ ሌላ የሚታይ የለም፤ አክስቴ ራሷ ጨርቅ ስር ተቀብራ ድምጿ ብቻ ነው የሚሰማው። ለምን አትደውይም ላልሽውም፣ ስልኩ ያለው አክስቴ ክርን ስር ነው። አክስቴ ደግሞ ወሬ ስትሰማ የስፌት መኪናዋን ታቆማለች። ባለፈው ካንቺ ጋ ሳወራ የከተማው ስፌት በሙሉ ቆሞ ነው የዋለው።

አንድ አዲስ ነገር አለ። የሲኒማ ቤቱ ሸራ መሃል ለመሃል ተቀደደ። እርጥበት የበላው ስፌት ነው፣ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ፤ አሁን ፊልም ቢታይበት የተዋናዮቹ አፍንጫ ለሁለት ይከፈላል። ባለ ሲኒማው ለመነኝና እሺ አልኩት። ሸራው ሱቃችን ስለማይገባ ከሰዓት ከሰዓት እየሄድኩ፣ መድረኩ ላይ ቁጭ ብዬ በእጄ እጠቅመዋለሁ። ያኔ ባለቆጡ ጽሑፍሽን ሊያነብልኝ ነው፤ ሸራው እስኪሰፋ ፊልም ስለሌለ ሥራ ፈት ነው።

ስለ ባለቆጡ ለጠየቅሽኝ፣ ምን ይሆናል? ደህና ነው። ተማሪ ሳለን ስም እንዳወጣንለት አሁንም እዚያች ጣሪያ ስር ያለች ክፍሉ ውስጥ፣ ዶሮ ቆጥ ላይ እንደምትሰፍረው ሰፍሮ ፊልሙን ያጫውታል። ሌላ ስለ እሱ የምጽፈው የለኝም። ለምን በየደብዳቤው እንደምትጠይቂኝም አልገባኝም።

የተቆጣችው
ድንቡሼ


ነሐሴ 1

ድንቡሼዬ፣

ግማሹን ሰላምታ በክብር ተቀብያለሁ፤ ሌላውን ቁጣሽ ሲበርድ ላኪልኝ።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ምን? ማን ነው የሚያነብልሽ? ድንቡሼ! ልብስ ሰፊዋን የሚወዳትን ሰውዬ ፊልም አጫዋች አድርጌዋለሁ እኮ! እሱ ራሱ ያነበዋል ብዬ በምን ልወቅ? ገጽ አስር ላይ ነው የሚገባው። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስሽ ገጽ አስር ከደረሳችሁ አፈር ልብላ፤ በምን ዓይኔ ነው ከእንግዲህ ሲኒማ ቤቱ የምገባው?

"ሞላ ያለች" የሚለውን ሰርዤ "ሰው ስታቅፍ የምታሞቅ" ብያለሁ። ኦቾሎኒውንም አስገብቻለሁ። ሴትዮዋ እሱ ጋ ስትደርስ ሳቀች፤ እሷ ስትስቅ ቢሮ ውስጥ ያለነው ሁሉ እንተያያለን፣ ብርቅ ነው።

ሴትዮዋ ማን ናት ትዪኝ ይሆናል። አዘጋጇ ናት፣ አለቃዬ። አጭር፣ ሽበታም፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቀኑን ሙሉ "መነጽሬን ያያችሁ?" የምትል ሰው። እስካሁን የእኔ ሥራ ሻይ ማቅረብና የፊልም ቆርቆሮዎች ላይ ስም መለጠፍ ነበር። ጽሑፌን ጠረጴዛዋ ላይ ትቼላት ጠፋሁ። በማግስቱ "ይቺን የጻፈ ማን ነው?" ስትል ሰምቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። በሩን እያንኳኳች ነው ያናገረችኝ።

ፊልም ሊሆን ነው ድንቡሼ። የእኛ ነገር፣ ያ መንገድ፣ ያ ሱቅ፣ ትምህርት ቤት ጥለን የገባንበት ሲኒማ፣ ሁሉ ሊታይ ነው! አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። "ሁለቱ ሴቶች ይተነፍሳሉ፤ ወንዱ ግን ቁም ሳጥን ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። አፉን በከፈተ ቁጥር ስለ ማሽን ዘይት ነው የሚያወራው። እሱ ሰው ካልሆነ ፊልሙ አይነሳም ብላለች፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ጊዜ ሰጥታኛለች። ስለዚህ በደንብ ስሚውና ውሸት የሆነውን ሁሉ ጻፊልኝ። አንቺ የምታውቂውን እኔ አላውቅም።

ሌላም አለ። ሴትዮዋ ልብስ ሰፊ ትፈልጋለች፤ ለዚህ ፊልም ብቻ ሳይሆን ለሁልጊዜ። ስላንቺ ነገርኳት። ያን የተማሪ ቤት ቀሚሴን አሳየኋት፣ ገልብጣ ውስጡን አይታ "እጇ ጥሩ ነው" አለች። ክፍሌ ሁለት አልጋ ይይዛል፣ ለክቼዋለሁ። አሁን መልስ ስጪኝ አልልሽም። ግን ስጪኝ።

አክስትሽ ምግብ ትበላለች ወይ ካለች፣ እየበላች ነው በያት።

ያንቺው
ፌንጣ


ነሐሴ 8

የኔ ፌንጣ፣

በይ አፈሩን ብዪ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ገጽ አስርን አልፈነው ነበር።

መድረኩ ላይ ሸራውን እንደ አንሶላ ዘርግቼ መሃሉ ቁጭ እላለሁ። እሱ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ሆኖ ያነባል። ለሁሉም የየራሱ ድምፅ አለው፤ አክስቴን ሲያነብ ቁርጥ አክስቴን ነው፣ ደንግጬ ዞር ያልኩበት ጊዜ አለ። ገጽ አስር ጋ "ፊልም አጫዋቹ ይገባል" ብሎ አነበበና ቀና አለ። "ጥሩ ሰው ይሆን?" አለኝ። "እኔ ምን አውቃለሁ፣ የጻፈችው ፌንጣ" አልኩት። ፊቴ እንደ ካውያ ግሏል። አንድ ክንድ የሚሆን አጣምሜ ሰፋሁ።

እንግዲህ ውሸቶችሽን ልንገርሽ። ልብስ ሰፊ መርፌ በከንፈሯ አትይዝም፤ ስፒል ነው የምትይዘው፣ እሱንም አክስቷ ሳታይ። የሙሽራ ቀሚስ በአንድ ቀን አይሰፋም፤ የሰፋ ካለ አምጪውና ብብቱን ልየው። ወንዝ ዳር ተቀምጠው ስለ ፍቅር የሚያወሩበት ደስ ይላል፣ ግን ወንዛችን ትንኙን ረሳሽው እንዴ? እዚያ የተቀመጠ ሰው ሲያጨበጭብ ነው የሚውለው።

ሁለቱ ሴቶች የሚጣሉበትን ግን እንዳትነኪው። አንዱን ቀሚስ በተራ እንለብስ የነበረበት፣ በኔ ተራ አንቺ ለብሰሽው የሄድሽበት ቀን። ባለቆጡን አስቆሜ እንደገና አስነበብኩት። እኔ የተናገርኩትን ክፉ ቃል ሳትቀንሺ ጽፈሽዋል፣ አንቺ የመለስሽልኝንም። ከዚያ ዝናብ መጥቶ እዚያው ቀሚስ ስር ሁለታችን ተጠልለን እየሳቅን ቤት የገባነውንም። እዚያ ጋ ነው ጸሐፊ መሆንሽን ያመንኩት። ኮራሁብሽ፣ እልሻለሁ።

አንድ ቦታ ብቻ አጥፊልኝ፣ ገጽ አርባ አንድን። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ሲገናኙ ሰውዬው የሚላትን። "ፊልም ከመጀመሬ በፊት በማሽኑ ቀዳዳ አይሻለሁ። ቦታሽ ላይ ካልተቀመጥሽ አልጀምርም። ሰዉ ማሽኑ የተበላሸ መስሎት ያፏጫል፤ እኔ አንቺን ነው የምጠብቀው።" ይሄ ምንድን ነው? ሴትዮዋ ቁም ሳጥን ነው ያለችው እስከ አርባ ያለውን አይታ መሆን አለበት። እንዲህ የሚናገር ወንድ የት አለ? እዚህ የለም። ደሞስ ለአንዲት ሴት ብሎ የከተማውን ሰው በሙሉ የሚያስጠብቅ ሥራውን ያከብራል ይባላል? እርግጥ እኛም ጋ ፊልም በሰዓቱ ተጀምሮ አያውቅም፤ እኔ ሱቅ ዘግቼ እየሮጥኩ ስገባ እንኳ ሁልጊዜ ሳይጀመር ነው የምደርሰው። ግን ያ ማሽኑ ስላረጀ ነው።

ለባለቆጡም ነገርኩት። "እዚህ ጋ ፌንጣ ስታለች፤ ውሸት ነው፣ በእርሳስ ሰርዘው" አልኩት። "ልሰርዘው?" አለኝ። "ሰርዘው" አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ሰረዘው። ቀና ብዬ ሳየው እኔን ሳይሆን ወረቀቱን ነበር የሚያየው፤ መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

በነጋታው ወሬ አመጣ። ወደብ ከተማ ያለ ትልቅ ሲኒማ ቤት ሥራ ና ብሎታል፣ ከጠሩት ቆይቷል፣ መልስ ነው ያልሰጣቸው። "ሂድም አትሂድም የሚለኝ ሰው የለም" አለኝ። "ጥሩ ዕድል ነው" አልኩት። ጥሩ ዕድል አይደለም እንዴ? ከዚያ በኋላ የሰፋሁት ሁሉ ጠመመብኝና ፈታሁት።

ስለ ሥራው እያሰብኩበት ነው። አልጋው መስኮት አጠገብ ነው?

ድንቡሼ

ሌላውን ግማሽ ሰላምታ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ።


ነሐሴ 11

ድንቡሼዬ፣

ሰላምታው ሙሉ ሆኖ ደረሰኝ፣ ተመስገን ነው።

እርማቶችሽ ሁሉ ገብተዋል። ትንኞቹን ሴትዮዋ ወደደቻቸው፤ ወንዝ ዳር ያለው ንግግር በሙሉ ተሰርዞ በጭብጨባ ተተክቷል። የጸባችንን ቀን እንዳልነካው ስላልሽኝ ደግሞ ምን ልበልሽ? ደብዳቤሽን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። አልቅሻለሁ። እኔ ኦቾሎኒ አልያዝኩም ነበር።

ገጽ አርባ አንድን አየዋለሁ።

አልጋው መስኮት አጠገብ ነው። መስኮቱ ከዳቦ ቤት በላይ ነው፤ ጠዋት ሳይቀሰቅሱሽ ትነቂያለሽ፣ ርቦሽ። ማዶ ያለው ቤት በረንዳ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ዳማ ይጫወታሉ፣ እንዴት እንደሚያጭበረብሩ ብታዪ! አንሶላ ገዝቻለሁ፣ ባለ ቢጫ አበባ፣ ጠርዙን ማን እንደዘመዘመው አላውቅም፣ ስታዪው ትናደጃለሽ። ነይ። በናፍቆትሽ መናገር ረስቻለሁ፣ እዚህ ማንም በአንድ ቀልድ ሁለቴ አይስቅልኝም።

ስለ ሥራው ብቻ መልስ ስጪኝ።

ፌንጣ


ነሐሴ 15

ፌንጣ፣

"አየዋለሁ" ማለት ምን ማለት ነው? ይህን ያህል ሁሉ ጽፈሽ ስለ ገጽ አርባ አንድ አንዲት መስመር ብቻ? እኔ ምን ቸገረኝ፤ የሚጠይቀኝ እሱ ነው። ሱቅ መጣ፣ ሸሚዙ ላይ ቁልፍ ላስተክል ነው ብሎ። ቁልፉ ግን ደህና ነበር፣ በገዛ እጁ ነው የበጠሰው፣ ክሩ ያስታውቃል። "ጓደኛሽ ስለ ገጽ አርባ አንድ ምን አለች?" አለኝ። "አየዋለሁ ብላለች" አልኩት። "ሌላ ምንም?" አለ። "ሌላ ምንም።" ራሱን ነቀነቀና ቁልፉን ሳያስተክል ወጣ። አክስቴ መኪናዋን አቁማ ነበር።

ሸራው አለቀ። ሰቀልነው። ስፌቱ የት እንደሆነ እኔው የሰፋሁት ፈልጌ አጣሁት። ባለቆጡ ያለ ፊልም መብራቱን ብቻ ለቀቀበት፣ ነጭ፣ ንጹሕ ሆኖ በራ። "እንዲህ ጥሩ አድርገሽ የሰፋሽው እኔ ላልጫወትበት ነው" አለኝ ከላይ በቀዳዳው። ወደ ወደብ ከተማ ሊሄድ ወስኗል። ቅዳሜ በአባትሽ አውቶቡስ ነው፤ ሣጥኑን አሽጓል፣ ፍራሹን ጠቅልሏል። ያንቺም ወረቀቶች እሱ ጋ ናቸው፣ ሳይሄድ ለአባባ ይሰጥልሻል።

እንግዲህ መልስ ስጪኝ ብለሻል፣ እሺ። እመጣለሁ። ዩኒፎርሙ ሲያልቅ አክስቴን አስፈቅጄ እመጣለሁ። ምን ያስቀረኛል? ደስ ይበልሽ፣ አንቺ እንኳ ደስ ይበልሽ። እኔም ደስ ይለኛል፣ ሰሞኑን ትንሽ ደክሞኝ ነው እንጂ።

አንድ ነገር። ያን ያልኩሽን አትሰርዢው። ኮሌታ ስገጥም፣ እጅጌ ስገለብጥ፣ ሳላስበው አፌ ላይ ይመጣል፤ አንዴ ብቻ ሰምቼው በቃሌ ቀረ። እንዲህ የሚል ሰው ባይኖርም ፊልም ውስጥ ይኑር።

ድንቡሼ


ነሐሴ 17

ድንቡሼ፣

ይህን የምጽፈው አባባ ሞተሩን እያሞቀ ነው፤ ሰላምታ የለውም፣ ይቅር በዪኝ።

ገጽ አርባ አንድ ላይ የጻፍኩት ይኸውልሽ፣ በሙሉ፦ "ፊልም አጫዋቹ ውሃ ይጠጣል። ይወጣል።"

ሌላ የለም። ሴትዮዋ ቁም ሳጥን ያለችው ለዚህ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፍኩም፣ ልጻፍም ብል አልችልም። ስለ ቀዳዳው በምን አውቃለሁ? ስለምትቀመጪበት ቦታ፣ ሰዉ ስለማፏጨቱ በምን አውቃለሁ? ከወረቀቱ ላይ አላነበበልሽም ድንቡሼ። አንቺ ጎንበስ ብለሽ ስትሰፊ እሱ ከልቡ ተናገረ። አንቺ ደግሞ ውሸት ነው ሰርዘው አልሽው፣ ባዶ ወረቀት ላይ ነው ያሰረዝሽው!

ገጽ አርባ አንድን አጥፊልኝ ያልሽበትን ደብዳቤ ባነበብኩባት ደቂቃ ገብቶኛል። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ አልጋውን አየሁት፣ ባለ ቢጫ አበባውን አንሶላ። ብነግርሽ አትመጪም ብዬ ፈራሁ። "አየዋለሁ" ያልኩሽ ለዚህ ነው። ትናንት "እመጣለሁ፣ ምን ያስቀረኛል" ያልሽበት ሲደርሰኝ፣ ስጠብቀው የኖርኩት መልስ እጄ ላይ ሆኖ አንድም ደስ አላለኝም። እንዲህ ሆነሽ አልፈልግሽም። ልትመጪ ከሆነ እየሳቅሽ ነይ።

ይባስ ብሎ ቃሉን ለሴትዮዋ አሳይቻታለሁ። መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። "ቁም ሳጥኑ ተናገረ! አሁን ፊልም አለን" አለች። የኔ ነው አላልኩም፣ አይደለም ግን አላልኩም። ዛሬ እነግራታለሁ፤ የሰው ነው፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ ውሃውን ይጠጣና ይውጣ እላታለሁ።

አባባ ጥሩምባውን እየነፋ ነው። ዛሬ በሌላ መስመር ሄዶ ያድራል፤ እናንተ ጋ ቅዳሜ ጠዋት ይደርሳል፣ ተሳፋሪ ጭኖ ወዲያው ይመለሳል። በቀጥታ ላንቺ ስጥ ብዬዋለሁ። ምን እንደምታደርጊ አልነግርሽም። ታውቂዋለሽ። ብቻ ተነሺ!

ፌንጣ


ነሐሴ 22

ድንቡሼ! ድንቡሼ! ድንቡሼ!

ሰው አይደለሁም እንዴ? እንዴት ዝም ትያለሽ?

አባባን ጠየቅኩት። "አባባ፣ ቅዳሜ ምን ሆነ?" "ምንም። ጎማ አየሁ።" "ድንቡሼ መጣች?" "ሰው ይመጣል ይሄዳል፣ መናኸሪያ ነው።" "ባለቆጡ ተሳፈረ?" "እኔ የማየው መንገድ ነው" አለና ፈገግ አለ። አባቴን ታውቂዋለሽ፤ ለመንጃ ፈቃዱ ፎቶ ሲነሳ እንኳ ፈገግ ያላለ ሰው ነው። አንድ ቃል አላወጣሁበትም። ወረቀቶቼን ሰጠኝ፤ ገጽ አርባ አንድን ገልጬ አየሁት። ከ"ይወጣል" በታች፣ ምንም ያልተጻፈበት ቦታ ላይ፣ ቀጥ ያለ የእርሳስ መስመር አለ። ሴትዮዋ በጣቷ ዳሰሰችው።

እውነቱን ነግሬያታለሁ። አልተቆጣችም። "ከሰውዬው ፈቃድ አምጪ" አለች። አሁን ግን ሌላ ጣጣ አመጣች፤ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር "ልጅቷስ ምን ብላ መለሰች?" ትለኛለች። የድምፅ ባለሙያው ይጠይቀኛል። ሻይ የምታፈላዋ ሴትዮ ሳትቀር ትጠይቀኛለች። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ስፈጥርልሽ አድራለሁ፤ አንዴ ታለቅሻለሽ፣ አንዴ በጥፊ ትመቺዋለሽ፣ አንዱም አንቺን አይመስልም።

ምን አልሽው? ቃል በቃል ጻፊልኝ። ገጽ አርባ አንድ አንቺን ነው የሚጠብቀው።

በቁሜ ያለቅኩት
ፌንጣ


ነሐሴ 26

ፌንጣዬ፣ የኔ እህት፣

ሙሉ ሰላምታ፣ ሞልቶ የፈሰሰ ሰላምታ ይድረስሽ። ዝም በማለቴ ይቅርታ፤ አንዳንዴ ሰው ሲደሰት እጁ ለመጻፍ አይታዘዘውም። የጻፍሽልኝን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ስለ "አየዋለሁ" ላልሽው ደግሞ ምንም ቂም የለኝም። እኔም አንቺ ስትሄጂ አውቶቡሱ በተበላሸ ብዬ ነበር።

የቻልኩትን ልንገርሽ። ቅዳሜ አባባ ሱቅ መጥቶ ፖስታውን ሰጠኝ። "አሁኑኑ አንብቢ ተብሏል" አለኝና ሄደ። ሜትር አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ቆሜ አነበብኩት። አክስቴ መኪናዋን አቁማ "ማን ሞተ?" አለችኝ። "ማንም አልሞተም" አልኳት። "ታዲያ ምን ቆመሻል?" አለችኝ። አክስቴ ናት እንዲህ ያለችኝ፣ ፌንጣ! ወጣሁ። መቀሱን ይዤ እንደወጣሁ ያወቅኩት መንገድ ላይ ሰው ሲሸሸኝ ነው።

አውቶቡሱ ሞልቷል፣ ሞተሩ ተነስቷል፣ ፍራሹ ከላይ ታስሯል። እሱ መስኮት ዳር ተቀምጧል። አባትሽ በመስታወቱ አየኝ። መቀሱን፣ ሜትሩን፣ ፊቴን አየና ሞተሩን አጠፋ። በሕይወቱ ለማንም ሞተር አጥፍቶ የማያውቅ ሰው! "ጎማውን ላየው ነው፣ ሁላችሁም ውረዱ" አለ። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ። አንዲት ሴትዮ ሕፃን ይዣለሁ ብትለው "ጎማው ሕፃን አያውቅም" አላት። ከእሱ በቀር ሁሉም ሲወርድ እኔ ወጣሁ። በሩን ከውጭ አባባ ዘጋው።

ከዚህ በኋላ ያለውን አልነግርሽም።

ተይ፣ ወረቀቱን አትቅደጂው፣ ስሚኝ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሆንኩትን ሁሉ ነግሬሻለሁ። ያልሆንኩትንም አንቺ ጨምረሽበት ካንቺው አፍ መልሼ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ የኔ ነገር አንቺ ስትናገሪው ሁልጊዜ ከሆነው ይበልጥ ያምር ነበር። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ የተናገርኩት ግን ማንም ሳይጽፍልኝ የተናገርኩት ነው። ተደነቃቅፌ ነው ያልኩት፣ አያምርም፣ መሃል ላይ ደግሞ አሳቀኝ። እሱም የመለሰልኝ አለ። እሱን ደግሞ አዋቂ ጸሐፊ ብትሆኚም አታገኚውም፣ አትድከሚ።

ፍራሹን አወረድን። ወደብ ከተማ ደውሎ "ቀርቻለሁ" ያለው ከአክስቴ ክርን ስር ነው፤ ስልኩን ሲዘጋ ያየው ነገር ቢኖር የአክስቴን ዓይን ነው፣ እንባ ሞልቶ። ወዲያው ግን "ስፌት ቤት ነው ወይስ ስልክ ቤት?" ብላ አባረረችው። ባለ ሲኒማው በደስታ በነፃ ፊልም አሳየ፣ ከተማው ወንበር አልበቃው ብሎ ቆሞ አየ።

እኔም መጥቼ ፊልምሽን እሰፋለሁ። ሁልጊዜ የሚለውን እንጃ፣ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ፊልሙ እስኪያልቅ ግን ያንቺ ነኝ። አንሶላውንም አቆዪልኝ፣ ጠርዙን እኔ አስተካክለዋለሁ። እየሳቅሽ ነይ ብለሻል፤ እንደ እብድ እየሳቅኩ ነው የምመጣው፣ ፌርማታ ላይ አላውቃትም እንዳትዪኝ።

ቃሉን ተጠቀሚበት፣ ፈቅዷል። "ለፊልም ከሆነ ይሁን፣ አንዴ ተሰርዞብኛል" ብሏል። ልጅቷ ምን መለሰች ላሉሽ ሁሉ ግን፣ ለሴትዮዋም፣ ለድምፅ ባለሙያውም፣ ሻይ ለምታፈላዋም፣ "ደስ አላት" ብለሽ ጻፊ።

ሌላው የኔ ነው።

ድንቡሼ